ቡርጅ ኻሊፋ ለመውጣት ሲያቅዱ፦ ቲኬቱ፣ ሰዓቱ፣ መንገዱ

ቡርጅ ኻሊፋ ለመውጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንተኛ ፎቅ ልውጣ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «በስንት ሰዓት ልውጣ?» ነው። ለላይኛው ፎቅ እጥፍ ከፍለው አቧራና ጭጋግ አይተው የሚወርዱ አሉ። በርካሹ ቲኬት ጥርት ባለ ጠዋት ወጥተው ባሕሩን ከነደሴቶቹ የሚያዩም አሉ። ስለዚህ በጀትዎ ውስን ከሆነ ተጨማሪውን ገንዘብ ለጥሩ ሰዓት ያውሉት፣ ለከፍታ አይጨነቁ።

ዱባይ ያለው ይህ ሕንጻ 828 ሜትር ይረዝማል፤ የተመረቀው ታኅሣሥ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ለጎብኚ የተከፈተው እስከ ጫፉ አይደለም። ተራው ቲኬት 124ኛ እና 125ኛ ፎቅ ያስገባል፤ እነሱም 452 እና 456 ሜትር ላይ ናቸው። «አት ዘ ቶፕ ስካይ» የሚባለው ውዱ ቲኬት ደግሞ 555 ሜትር ላይ ወዳለው 148ኛ ፎቅ ያወጣል፤ ሲወርዱ ሁለቱን የታችኛ ፎቆችም ያካትታል። ከዚያም በላይ 152ኛ፣ 153ኛ እና 154ኛ ላይ «ዘ ላውንጅ» የሚባል፣ ከመስተንግዶ ጋር የሚሸጥ ቦታ አለ። ለንጽጽር ያህል፣ አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፤ ስለዚህ በርካሹ ቲኬት የሚቆሙበት ቦታ ከእሱ ጫፍ በእጥፍ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይጠቅማል። ከ452 ሜትር ላይ ሆኖ አድማሱ በግምት 76 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ከ555 ሜትር ደግሞ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ። ተጨማሪው 103 ሜትር የሚጨምረው ስምንት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የዱባይ አየር ደግሞ ብዙ ቀን ያን ያህል ርቀት አያሳይም። የ148ኛው ፎቅ ትርፍ ሌላ ነው፦ የተለየ መግቢያና አጭር ወረፋ፣ ሲገቡ የዓረብ ቡናና ቴምር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ አለመጋፋት። በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አባት ይዘው ከሆነ፣ ለረጅም ወረፋ የሚሆን ጊዜ ከሌለዎት ወይም ግፊያ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ዋጋው ያዋጣል። ለእይታው ብቻ ከሆነ አያዋጣም።

ሰዓቱን መምረጥ

የቲኬቱ ዋጋ በሰዓት ይለያያል። ፀሐይ መጥለቂያ አካባቢ ያሉት ሰዓታት በጣም ተፈላጊ ስለሆኑ ውድ ናቸው፣ ቶሎም ያልቃሉ። ጠዋትና ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያሉት ይረክሳሉ። ዋጋው በየወቅቱ ስለሚከለስ የሚገዙ ዕለት ከራሱ ከሕንጻው ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። የሚከፍሉት በዲርሃም ነው፤ አንድ ዶላር በቋሚ ተመን 3.67 ዲርሃም ገደማ ስለሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም።

ጠዋት ለምን ይመረጣል? ባሕሩ ያለው ከሕንጻው በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ባሕሩን፣ የጁሜይራን ዳርቻና ርቀው የሚታዩትን ሰው ሠራሽ ደሴቶች ታበራቸዋለች፤ የሕንጻው የራሱ ጥላም ከተማው ላይ ረዝሞ ተዘርግቶ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ በዚያው በባሕሩ በኩል ስለምትሆን ፎቶው ይነጣል፣ ዓይንም ያጭበረብራል። በጣም መጥፎው ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ ብርሃኑ ሁሉንም ነገር ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ወበቁም ከመሬት ሲነሣ እንደ ነጭ መጋረጃ ይጋርዳል። ምሽት ሌላ ውበት አለው፦ የሼክ ዛይድ መንገድ መብራት፣ ከሥር ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ የሚጨፍረው የዱባይ ፏፏቴ። የፏፏቴው ሙዚቃ ግን ላይ አይሰማም ማለት ይቻላል። ሙዚቃውን ከነውሃው ማየት የሚፈልግ ሰው ከወረደ በኋላ ሐይቁ ዳር ይቁም፤ እሱ ነፃ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ላይ መሆን ከፈለጉ፣ ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ፎቁ ላይ የሚደርሱበት ሳይሆን ወረፋ የሚገቡበት መሆኑን ይወቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፍተሻው፣ ረጅሙ መተላለፊያና የሊፍት ወረፋው በተጨናነቀ ቀን አንድ ሰዓት ሊወስዱ ይችላሉ። ፀሐይዋ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የምትጠልቅ ከሆነ የ11 ሰዓት ቲኬት የገዛ ሰው መጥለቋን የሚያየው በስልኩ ነው። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ቀደም ያለውን ይግዙ። 124ኛው ፎቅ ላይ ከወጡ በኋላ ሰዓትዎ አለቀ ብሎ የሚያስወጣዎ ስለሌለ ቀድሞ መድረስ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በአንድ ቲኬት ቀኑንም፣ ማምሻውንም፣ ሌሊቱንም ያያሉ።

መቼ ነው የምትጠልቀው? ዱባይ ላይ በኅዳር መጨረሻ 17:30 ገደማ፣ በመስከረም አጋማሽ 18:15 ገደማ፣ በመጋቢት አጋማሽ 18:30 ገደማ፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ 19:13 ገደማ ነው። ላይ ሲሆኑ ከመሬት ይልቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትዘገያለች። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዱባይ የሃይማኖት መሪዎች በረመዳን ከ80ኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ ሰዎች ጾማቸውን ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉት ደግሞ ሦስት ደቂቃ ዘግይተው እንዲፈቱ አሳስበው ነበር።

ከሀገር ቤት ለሚሄድ ሰው የሰዓት አቆጣጠሩ ራሱ ወጥመድ ነው። ቲኬቱ የሚታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን የዱባይ ሰዓትም ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። 17:30 የሚል ቲኬት ዱባይ ላይ 11 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ በዚያው ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ ገና 10 ሰዓት ተኩል ነው። ስልክዎ የኢትዮጵያን ሰዓት እንደያዘ ከቀረ አንድ ሰዓት ያረፍዳሉ። 07:30 ፒኤም የሚለውን አይተው «ሰባት ሰዓት ተኩል» ብለው ቀጠሮ የያዙ ደግሞ ቀትር ላይ መጥተው በር ላይ ይመለሳሉ፤ እሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑንም እንዲሁ ይመልከቱ፦ ድረ ገጹ የሚያሳየው የፈረንጆቹን ቀን ነው፣ አንዴ የተገዛ ቲኬት ደግሞ በአብዛኛው ገንዘቡ አይመለስም።

ወሩና ቀኑ

አየሩ የሚጠራው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከተገኘማ ዕድል ነው፤ አቧራው ታጥቦ በምሥራቅ በኩል የሐጀር ተራሮች የሚታዩባቸው ቀናት አሉ። በእነዚሁ ወራት ግን ማለዳ ላይ ወፍራም ጭጋግ የሚወርድባቸው ቀናትም አሉ። ጠዋት ተነሥተው ከመስኮትዎ የሕንጻው ወገብ ካልታየዎት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ላይነሣ ይችላል፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት የጠዋት ቲኬት ሲገዙ ማለዳውን ትተው ረፋዱን ይምረጡ። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን፣ እኛ ጋ ዝናብ በሆነ ጊዜ፣ ዱባይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ አቧራውና ወበቁ እይታውን ይቆርጠዋል። ቲኬትና ሆቴል የሚረክሰው ግን ያኔ ነው፤ ለኤምሬትስ ነዋሪዎች ልዩ ቅናሽ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ነው። እዚያው የሚሠራና መታወቂያ ያለው ሰው ያንን ይጠብቅ።

ከሳምንቱ ቀናት ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ይሻላሉ። ከ2022 ወዲህ የኤምሬትስ የዕረፍት ቀናት ቅዳሜና እሁድ ናቸው፣ ዓርብም ግማሽ ቀን ነው፤ ስለዚህ ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ የመመልከቻው መግቢያ ያለበት የገበያ ማዕከል፣ ዱባይ ሞል፣ ይጨናነቃል። በሥራ ምክንያት እሁድ ብቻ የምትወጡ ደግሞ ጠዋት ውጡ፣ ግን እሁድ ሜትሮው የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። የፈረንጆች ዓመት መለወጫ ዋዜማ (ዲሴምበር 31) ለርችቱ ሲባል መንገዶች ይዘጋሉ፣ የቡርጅ ኻሊፋ የሜትሮ ጣቢያም ከማምሻው ጀምሮ ይዘጋል። ያን ቀን ፎቁ ላይ ለመውጣት ማሰብ ድካም ነው።

ቲኬት መግዛት

በር ላይ ሄዶ መግዛት የሚቻልባቸው ጊዜያት ቢኖሩም የሚፈልጉት ሰዓት ተሸጦ ያገኙታል። የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ከሆነ ከአንድ ሳምንት በፊት ይግዙ፤ ለጠዋት ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል፣ እንዲያውም የአየር ትንበያ አይቶ መግዛት ያስችላል። ችግሩ ክፍያው ነው። የሀገር ውስጥ ተራ ኤቲኤም ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም፤ የውጭ ምንዛሪ የተሞላበት ዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያስፈልጋል። ያ ከሌለ ዱባይ ያለ ዘመድ ይግዛልዎ፤ ቲኬቱ በኢሜይል የሚመጣ ኮድ ስለሆነ በቴሌግራም ቢላክልዎም ይሠራል። ኮዱን ስክሪንሾት አድርገው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ በር ላይ ደርሶ ኢንተርኔት መፈለግ ወረፋ ያስይዛል። ሞሉ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ «ቅናሽ አለኝ» ብሎ ከሚቀርብዎ ሰው አይግዙ።

መንገዱ

ቀላሉ ሜትሮ ነው። ቀዩ መስመር ላይ «ቡርጅ ኻሊፋ/ዱባይ ሞል» የሚባል ጣቢያ አለ። ከኤርፖርቱ ተርሚናል 1 እና ተርሚናል 3 ጣቢያ ስላለ ያለ ቅያሬ በቀጥታ ይሄዳሉ፤ ተርሚናል 2 ግን ሜትሮ የለውም። የመጓጓዣ መክፈያ የሆነውን ኖል ካርድ ከጣቢያው ይግዙ፣ ሲገቡም ሲወጡም ያስነኩ። ሮዝ ምልክት ያለበት ፉርጎ ለሴቶችና ለልጆች ብቻ ነው፤ ወንድ ከገባበት 100 ዲርሃም ይቀጣል። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣትም፣ ማስቲካ ማኘክም ጭምር፣ ያስቀጣል።

ከጣቢያው ሲወርዱ ሕንጻው ፊት ለፊት ስለሚታይ ቅርብ ይመስላል። አይደለም። አየር ማቀዝቀዣ ባለው ድልድይ ውስጥ፣ በከፊል በተንቀሳቃሽ ወለል እየታገዙ፣ ወደ 800 ሜትር ይጓዛሉ። ድልድዩ የሚያስገባው ወደ ሞሉ የላይኛ ወለል ነው፤ የ124ኛው ፎቅ መግቢያ ደግሞ ከምድር ወለል በታች ባለው ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ታች መውረድ እንዳለብዎ አስቀድመው ይወቁ፣ «አት ዘ ቶፕ» የሚለውን ምልክት ይከተሉ። ከባቡር እስከ መግቢያው ግማሽ ሰዓት ይመድቡ፤ ሞሉ ከ1,200 በላይ ሱቅ ያለው ነውና አንድ የተሳሳተ መታጠፊያ አሥር ደቂቃ ይበላል።

በታክሲ የሚሄድ ሰው ሾፌሩን «ቡርጅ ኻሊፋ» አይበለው። ሕንጻው ሥር አርማኒ ሆቴልና መኖሪያ ቤቶች ስላሉ እዚያ በር ላይ ያወርደዋል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ መመልከቻው መግባት አይቻልም። «ዱባይ ሞል» ይበሉ።

በትራንዚት ለማየት ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ቪዛውን ያስብ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ዱባይ ሲደርስ የሚሰጥ ቪዛ የለም፤ የ48 ወይም የ96 ሰዓት የትራንዚት ቪዛ የሚወጣው ከጉዞው በፊት በኤምሬትስ አየር መንገዶች በኩል ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ግን እዚያው ያስመታል። ሰዓቱን ደግሞ እንዲህ ይደምሩ፦ ከአውሮፕላን ወርዶ ኢሚግሬሽን ማለፍ አንድ ሰዓት፣ ሜትሮና ድልድዩ አንድ ሰዓት፣ ወረፋና ፎቁ ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው አንድ ሰዓት፣ ከበረራ በፊት ኤርፖርት መድረሻ ሦስት ሰዓት። ስምንት ሞላ። ከዚያ ያነሰ ቆይታ ካለዎት ኤርፖርቱ ውስጥ ይረፉ። ሻንጣ ፎቁ ላይ አይገባም፣ እዚያው ኤርፖርት ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ላይ ይተዉት።

በዕለቱ

ውሃዎን ጠጥተው ይጨርሱ፤ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ትሪፖድና ትልልቅ ቦርሳም እንዲሁ። መጸዳጃ ቤት ሞሉ ውስጥ እያሉ ይጠቀሙ፤ ወረፋ መሐል ከገቡ በኋላ፣ በተለይ ልጅ ይዘው፣ ወጥቶ መመለስ ጣጣ ነው። አለባበስ ላይ ጥብቅ ሕግ የለም፣ ግን ሞሉ ትከሻና ጉልበት እንዲሸፈን ይጠይቃል። የሞሉ ማቀዝቀዣ ከውጭው ሙቀት ሲገቡ አጥንት ድረስ ይሰማል፤ ነጠላ ወይም ቀለል ያለ ሹራብ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር።

ወረፋው ላይ አረንጓዴ ግድግዳ ፊት አቁመው ፎቶ ያነሡዎታል። ይህ ግዴታ አይደለም፤ ሲወርዱ ሕንጻው ከጀርባዎ የገባበት ፎቶ ታትሞ ይጠብቅዎታል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ካልፈለጉት «አመሰግናለሁ» ብሎ ማለፍ ነው።

ሊፍቱ በሰከንድ 10 ሜትር ስለሚወጣ 124ኛ ፎቅ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነው። ጆሮ ይደፍናል፤ ምራቅ መዋጥ ወይም ከረሜላ መምጠጥ ይበቃል፣ ለሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ይስጡ። «ከፍታው ያዞረኝ ይሆን?» ብሎ የሚፈራ አዲስ አበቤ ግን ይረጋጋ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የቡርጅ ኻሊፋ ጫፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ቢደረደር መርካቶን ብዙም አያልፍም። ቁልቁል ማየት የሚያስፈራው ከሆነ ያ ሌላ ነው፤ ከግድግዳው በኩል ሆኖ ከመስታወቱ ሁለት ሜትር ርቆ ይቁም።

ለፎቶ 124ኛው ላይ ያለው ክፍት ሰገነት ከሁሉ ይሻላል። መስታወቶቹ ረጃጅም ቢሆኑም በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት አለ፤ የስልክ ካሜራ ዓይን በዚያ በኩል ያለ ነጸብራቅ ያያል። ስልኩን በክፍተቱ ወደ ውጭ አያውጡት፣ ዓይኑን ብቻ ክፍተቱ ላይ ያስጠጉ፣ ማሰሪያውንም እጅዎ ላይ ይጠምጥሙት፤ እዚያ ላይ ንፋሱ ይገፋል። ሌሊት ከውስጥ በመስታወት ሲያነሡ ፍላሹን ያጥፉ፣ ስልኩን መስታወቱ ላይ ልጥፍ ያድርጉት፣ በጥቁር ልብስ ወይም በነጠላዎ ጫፍ ዙሪያውን ይከልሉት፤ አለዚያ የሚወጣው የራስዎ ፊትና የጣሪያው መብራት ነው። አንዳንዴ መስታወቱ ከውጭ አቧራ ይዞ ይገኛል፤ የሕንጻውን መስታወት በሙሉ አጥቦ ለመጨረስ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ አንዱ ወገን ንጹሕ ካልሆነ ዞረው ሌላውን ይሞክሩ። 125ኛው ላይ በደረጃ ይወጣሉ፣ እዚያ ብዙ ጊዜ ሰው ይቀንሳል።

አንድ ነገር ከላይ አይታይም፦ ራሱ ቡርጅ ኻሊፋ። ሕንጻው ያለበት ፎቶ ለሚፈልግ ዛቢል ፓርክ ያለው የዱባይ ፍሬም 150 ሜትር ላይ ያወጣል፣ ከቡርጁ ቲኬትም በብዙ ይረክሳል። የዘንባባ ቅርጽ ያላትን ሰው ሠራሽ ደሴት፣ ፓልም ጁሜይራን፣ በቅርብ ለማየት ደግሞ እዚያው ፓልሙ ላይ ያለው «ዘ ቪው» ይሻላል፤ ከቡርጅ ኻሊፋ ሲያዩት ሩቅና ትንሽ ነው።

ሲወርዱ የሊፍት ወረፋ እንደገና አለ፣ በተለይ ፀሐይ እንደጠለቀች ሁሉም ሰው በአንድ ላይ ስለሚወርድ። ግማሽ ሰዓት ላይ ቢቆዩ ወረፋው ይሳሳል። ምሽት ላይ የሚወጡ ከሆነ መመለሻውን ያስቡ፦ ሜትሮው የሚቆመው 24:00 ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ ዓርብ ብቻ እስከ 7 ሰዓት ይሠራል፣ ወደ ጣቢያው የሚወስደው ድልድይ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል።